ከተሰባበሩ መጫወቻዎች የተሠራው ታንኳ ቀዛፊ

ብዙ እናቶች በየቤታቸው አንድ ካርቶን አላቸው። ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ይቀመጣል። በውስጡም ጎማው የወለቀ መኪና፣ አንገቷ የተነቀለ አሻንጉሊት፣ ባትሪው የሞተ ሮቦት፣ የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የፕላስቲክ እጅና እግር ይገኛል። እንዳይጣል ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ለሰው እንዳይሰጥ ተሰብሯል። የቤት ጽዳት ቀን በመጣ ቁጥር እናት ካርቶኑን ታወጣለች፣ ትመለከታለች፣ መልሳም ታስገባዋለች።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚህ እናቶች አንዷ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሰውን ከቤት አላስወጣ ባለበት አንድ ቅዳሜ፣ የስምንት ዓመት ልጄ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ካባ የለበሰውን፣ የብረት ቆብ የደፋውን፣ ጠመንጃ የያዘውን እየለየ በሰልፍ ደረደራቸውና፣

«እማዬ፣ እነዚህ ሰውዬዎች ሁሉ የየት አገር ናቸው?» አለኝ።

«የውጭ አገር ናቸው።»

«የኛ አገር ሰውዬስ?»

«አይሸጥም» አልኩት።

«እንግዲያው እንሥራው» አለ።

ልጅ የተናገረው ሁሉ አይፈጸምም። ነገር ግን በሳምንት ውስጥ ከልጄ ጋር ረጋ ብዬ የምቀመጠው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ሳስበው፣ ይህን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ ከበደኝ። ማንን እንሥራ? የሚለውን ጥያቄ ለእሱ ተውኩት። እኔ አርበኛ ወይም ሯጭ ይላል ብዬ ስጠብቅ እሱ ታንኳ ቀዛፊ አለ። በጣና ዳር ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ እንጨት ጭኖ ማለዳ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈውን ሰው ያያል። «በሣር ላይ ተቀምጦ አይሰምጥም» የሚለው አባባሉ ምርጫውን ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያስረዳል።

ድሮ ልጆች የሚሠሩት

የአገራችን ልጆች መጫወቻን ከመደብር መጠበቅ የጀመሩት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። የገጠር ልጅ ከጭቃ በሬና ላም ይሠራል፤ ሴቷ ልጅ ከአሮጌ ጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍታ ታዝላለች፤ የከተማው ልጅ ከሽቦና ከቆርቆሮ ክዳን መኪና ይሠራል። የፕላስቲኩ አሻንጉሊት ሲመጣ ልጁ ሠሪ መሆኑ ቀረና ተቀባይ ሆነ። የተሰበረበት ልጅም ከማልቀስና ሌላ ከመጠየቅ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታ ትርፍ ነገር አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አገራችንም ይህን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። በቤት ውስጥ የተሠራ አሻንጉሊትም ትልቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ምሳሌ አለን። በ1999 ዓ.ም. ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረበችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይው በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። በአማርኛ የምታወራ ቀጭኔ ስለ ንጽሕናና ስለ ፊደል የብዙ ሕፃናት አስተማሪ ሆናለች።

ሥራው እንዴት ይጀመራል?

እናቶች ይህን ሥራ ለመሞከር ቢፈልጉ እንዲጠቅማቸው እኛ ያደረግነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በመጀመሪያ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በሳፋ ውስጥ ማጠብ ነው። ሲደርቅ ራሱን ከራስ፣ እጁን ከእጅ፣ እግሩን ከእግር ጋር ለይቶ መደርደር ይገባል። ቀጥሎ የሚሠራውን ሰው በወረቀት ላይ በሚፈለገው ቁመት መሣል ያስፈልጋል። የእኛው ቀዛፊ ከአንድ ስንዝር በጥቂት የሚያልፍ ሆነ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሥዕሉ ላይ እያጋደሙ ቢለኩ፣ ራሱ ለደረቱ ይተልቅ እንደ ሆነ ወይም አንዱ እጅ ይረዝም እንደ ሆነ ሥራው ሳይጀመር ይታወቃል።

ሁለተኛው ሥራ መፍታት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሲጫኑት እሺ የሚለው ለስላሳው ዓይነት፣ የሕፃናት አሻንጉሊት ራስና እግር የሚሠራበት፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይበልጥ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ራሱ ወይም እግሩ ሳይቀደድ ተጠማዝዞ ይወጣል፤ ሌላውንም ለማስገባት መንገዱ ይኸው ነው። ደረቁ ዓይነት ግን በሙቅ ውሃ አይበገርም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ብሎኖች የተያያዘ ስለ ሆነ በካቻቢቴ ይፈታል። ሙቅ ውሃውን መያዝ የእናት ወይም የአባት ሥራ መሆን አለበት፤ ብሎኑን መፍታት ግን ለልጅ ቢሰጥ መልካም ነው። ልጄ አራት ብሎን ፈትቶ የሮቦቱን ሆድ ሲከፍት ያየሁበትን ደስታ አዲስ መጫወቻ ስገዛለት አላየሁበትም።

እኛ ደረቱንና እግሮቹን ራሷ ከጠፋ አሻንጉሊት ወሰድን። እጆቹን ከሮቦቱ ወሰድን፤ ምክንያቱም የሮቦቱ ክንድ በክርኑ ላይ ይታጠፋል። የማይታጠፍ ክንድ ደግሞ መቅዘፍ አይችልም። ራሱ ቢጫ ጸጉር ከነበራት ሌላ አሻንጉሊት የመጣ ነው።

ማጣበቂያው ያስተማረን

እዚህ ላይ ስሕተት ሠራን። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ በመፈለጌ እጆቹን ከደረቱ ጋር በማጣበቂያ አያያዝኳቸው። ሲደርቅ ቀዛፊያችን እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ ሐውልት ቀረ። ልጄ ሊያስቀዝፈው ሲሞክር አንዱ እጅ ከነማጣበቂያው ተነቀለና ወደቀ። አላለቀሰም፤ እኔን ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እማዬ፣ ለምን ቸኮልሽ?»

በማግስቱ ማጣበቂያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን አነሣንና በሌላ መንገድ ጀመርን። በእያንዳንዱ ክንድ አናት ላይ በወስፌ ቀዳዳ አበጀንና ቀጭን ሽቦ ቆልምመን አሰርንበት። ከዚያም የቀሚስ ወገብ ላስቲክ ከግራው ሽቦ ጀምረን፣ በደረቱ ባዶ ሆድ ውስጥ አሳልፈን፣ በቀኙ ሽቦ ላይ ወጠር አድርገን ቋጠርነው። ላስቲኩ ሁለቱን ክንዶች ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው እጆቹ አይወልቁም፤ እንደ ልብም ይዞራሉ። ላስቲክ የሌለው ሰው የአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጦ ሊጠቀምበት ይችላል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ብስክሌት በለመደ ከተማ ይህ አይጠፋም። በራሱና በአንገቱ መካከል የቀረውን ክፍተት በክር ጠቅልለን ሞላነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ የጥፍር ቀለም ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ሲቀባ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ሊቀር ይችላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ደግሞ አንዳንዱን ደረቅ ፕላስቲክ ያቀልጣል። በውሃ የሚበጠበጠው አክሪሊክ የተባለው የሥዕል ቀለም ይሻላል። በአንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ አሳስቶ መቀባትና በየመካከሉ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሮቦቱ ብርማ እጅና የአሻንጉሊቷ ነጭ ፊት አንድ ዓይነት ጠይም ቀለም ሲያገኙ፣ ከሦስት ቦታ የመጣው አካል የአንድ ሰው መሰለ። ቢጫውን ጸጉር ቆርጠን በጥቁር ክር ተካነው። ልጄ ቀዛፊው ሽማግሌ ይሁን ስላለ ከጥጥ ጺም አበጀንለት።

መርፌ የማን ነው?

ልብሱን ለመስፋት ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄደን ቁርጥራጭ ለመንን። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ በጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ በዚያ ፋብሪካ ፈትለውና ሸምነው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ጨርቅ አክባሪ በሆነች ከተማ ልጄ መርፌና ክር ይዞ ደጃፍ ላይ ቢቀመጥ የሚደነቅ ሰው የሚኖር አልመሰለኝም ነበር። ሆኖም አንዲት ጎረቤቴ «ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት? ያውም በመርፌ!» ብለው አዘኑ።

ይህ አስተያየት በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ሀዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እጅና እግሩ የሚታጠፍ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የወታደር አሻንጉሊት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ወላጆች ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት አንገዛም እንዳይሉ በመስጋት አሻንጉሊት የሚለውን ስም ትቶ ሌላ ስም አወጣለት። ዛሬ በየሱቁ የሚታዩት ባለ ካባና ባለ ጠመንጃ ሰዎች የዚያ ዘመዶች ናቸው። ስሙ ቢለወጥም ነገሩ ያው አሻንጉሊት ነው። ለጎረቤቴም የነገርኳቸው ይህንን ነው፤ ቁልፉ ሲወልቅ ለመትከል እናቱን የማይጠብቅ ልጅ ነገ ሚስቱንም አይጠብቅም። እሳቸውም ስቀው ለቀዛፊው ጋቢ የሚሆን የነጠላ ቅዳጅ ሰጡን።

«የታንኳ ሠሪ»

ቀዛፊው ሊያልቅ ሲል ልጄ ደጅ ይዞት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። የእኩያው ልጅ አሻንጉሊቱን አይቶ፣ «ይሄማ የታንኳ ሠሪ ነው፤ እነሱ ቤት እኮ አይበላም» ብሎታል። ልጄም፣ «እውነት ነው ወይ እማዬ?» አለኝ።

ለጊዜው መልስ አጣሁ። ምክንያቱም ይህን ቃል ልጅ ሳለሁ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብዬ አድጌአለሁ። በጣና ዙሪያ ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ከደንገል ታንኳና የቤት ዕቃ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ በሐይቁ ዳር ኖረዋል። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር ሌላው ሰው ምግብና ዕቃ እንዳይነካካቸው አድርጎ አግልሏቸው ቆይቷል። በሠሩት ታንኳ ዕቃውን እያጓጓዘ፣ ሠሪውን ግን ከማዕድ ያርቅ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ከራሱ አያመነጨውም፤ ከትልልቆቹ የሰማው ነው። ከእነዚያ ዝም ካሉት ትልልቆች አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ።

«እውነት አይደለም፤ እኔም ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አልኩት። በማግስቱም እሑድ ስለ ነበር ቀዛፊውን ይዘን፣ ያን የጎረቤት ልጅም እናቱን አስፈቅደን አስከትለን፣ ታንኳ ወደሚሠራበት የሐይቁ ዳርቻ ወረድን።

አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው የደንገል እስር ዘርግተው በገመድ ሲያጠብቁ አገኘናቸው። ልጄ፣ «አባባ፣ ይህ እርስዎን ይመስላል?» ብሎ ቀዛፊውን ሰጣቸው። ተቀብለው አገላበጡት፤ ጺሙን አይተው ሳቁ። ከዚያም ከሳቃቸው ተመልሰው እንደ ባለሙያ መረመሩት። «ማሙሽ፣ እጆቹን አቀራርበሃቸዋል። ዘንጉን አራርቆ ካልያዘው ታንኳው ይዞርበታል» አሉት። የራሳቸውን ዘንግ አንሥተውም በግራና በቀኝ እያፈራረቁ ውሃውን እንዴት እንደሚመቱት አሳዩት። ላስቲኩ ጥሩ ስለ ሆነ የቀዛፊያችን እጆች ያለ ችግር ተራራቁ። ልጄ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «በማጣበቂያ ቢሆን ኖሮ?» አለኝ።

ደንገል ቀላልና ተንሳፋፊ ቢሆንም እየዋለ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ያስፈልገዋል። የሐይቁ ዳርቻ እየታረሰና እየተሠራበት ሲሄድ ደንገሉ ቀንሷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ ተጨምሯል። ሽማግሌውም ዱሮ በደጃቸው ያጭዱት የነበረውን ዛሬ ርቀው ሄደው እንደሚያመጡት ነገሩን።

ልጆቹ ሲያዳምጡ አንድ የማውቀውን ታሪክ አከልኩላቸው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከዚሁ ከጣና ነበር። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ራ የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ የኋላዋ ክፍል ውሃ እየገባው ተበላሽታ ከባርቤዶስ ሳትደርስ ቀረች። የኋላዋን ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘውና ከማዕበሉ ጋር እንድትለጠጥ የሚያደርጋት ገመድ በሚገባው ቦታ አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ከደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ደንገል ራ ሁለትን ሠሩ፤ እሷም በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ገባች።

ሽማግሌው ታሪኩን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ገመዱን ማን አስቀርቶት ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ከቁራጭ ደንገል ለቀዛፊያችን የሚሆን ትንሽ ታንኳ አሰሩልን። ዋጋውን ነገሩን፤ ከፈልን። ሻያቸው በፔርሙስ ነበርና አንድ አንድ ስኒ ቀዱልን። ልጄ ጠጣ። የጎረቤት ልጅ ስኒውን ይዞ አንድ አፍታ እኔን ተመለከተኝ። እኔ የራሴን አንሥቼ ስጠጣ እሱም ጠጣ።

ጥንቃቄ

ይህን ሥራ ለምትሞክሩ እናቶች ጥቂት ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ቁልፍን፣ ብሎንንና ትንንሽ ቁርጥራጮችን ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ወደ አፋቸው ወስደው ሊታነቁባቸው ስለሚችሉ ከአጠገባቸው አርቁ። ከአሮጌ መጫወቻ ውስጥ የሚወጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው። ሕፃን ቢውጣቸው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ያቃጥላሉና በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ማስቲሽና መሰል ማጣበቂያዎች ሽታቸው ጎጂ ስለ ሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትጠቀሙባቸው፤ ለልጅም አትስጡ። ፕላስቲክን በእሳት አቅልጦ ማያያዝም ጭሱ መርዝ ስላለው መቅረት አለበት። የሽቦ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

ሥራው በአንድ ቀን ማለቅ የለበትም። እኛን አራት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ከፈረቃ ደክማ ለምትገባ እናት በቀን ሩብ ሰዓትም ይበቃል፤ አንድ ቀን ማጠብ፣ አንድ ቀን መፍታት፣ አንድ ቀን መቀባት ይቻላል። ዋናው ነገር ማን እንደሚሠራ የሚመርጠው ልጁ መሆኑ ነው። የሚመርጠው ሰው ጉልት የምትቸረችር እናት፣ የባጃጅ ሾፌር፣ አናጢ ወይም ዓሣ አጥማጅ ሊሆን ይችላል። ከምርጫው በስተጀርባ ልጁ የሰማውና ያልጠየቃችሁ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ እጃችሁ ሲሠራ ጆሯችሁም አይራቅ።

ቀዛፊያችን ዛሬ በመስኮቱ ላይ በታንኳው ተቀምጧል። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የራሱን ካርቶን ታቅፎ መጣ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። መረብ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳየን ቃል ገብቶልናል።